አያቶች ከአገር ቤት ሲመጡ የትኛውን የተራራ ከተማ እናሳያቸው?

ሰመር በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ በመካከላችን ይዞራል፤ «ቤተሰብ ሊመጣ ነው፣ የት ልውሰዳቸው?» («ክረምት» የሚለው ቃል በእኛ ቤት ጭቅጭቅ ያስነሳል። እናቴ የሐምሌን ዝናብ ታስባለች፣ እኔ የጃንዋሪን በረዶ። ስለዚህ እዚህ «ሰመር» እያልኩ እቀጥላለሁ።) መልሱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ባንፍ።

ባንፍን እኔም እወዳታለሁ። ግን ከካልጋሪ በመኪና የሚደረስባቸው የተራራ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ለሃያ ዓመት ተማሪ የሚመች ከተማ ደግሞ ለሰባ ስድስት ዓመት እናት ላይመች ይችላል። ዘንድሮ ተራው የእኛ ቤት ነው። አያቴ በጁላይ መጨረሻ ከጎንደር ይመጣሉ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ግራ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ያስቸግራቸዋል። እናቴ የሌሊት ተረኛ ናት፣ አባቴ መንገድ ላይ ነው፣ እኔም የሰመር ሥራ አለኝ፤ ሦስታችንም የምንገናኝበት ነጻ ቀን ሁለት ብቻ ነው። እሳቸውም እንደገና ይህን ሁሉ መንገድ ለመምጣት አቅሙን ማግኘታቸው እንጃ። ስለዚህ ለክፍል የሕመምተኛ እንክብካቤ ዕቅድ እንደምንሠራው ቁጭ ብዬ ከተሞቹን አንድ በአንድ አጠናኋቸው። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የፈራሁት ከፍታውን ነበር። «ተራራ ላይ የደም ግፊት ያለበት ሰው አይወጣም» የሚል ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ቁጥሮቹን ሳይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ካልጋሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,045 ሜትር ላይ ናት። ካንሞር 1,300 ሜትር ገደማ፣ ባንፍ 1,383፣ የሌክ ሉዊዝ መንደር 1,600 ገደማ፣ ጃስፐር ደግሞ 1,060 ገደማ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ ጎንደር 2,100 ገደማ፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ። ባንፍ ላይ ሰዎች ብዙ ዶላር ከፍለው በጎንዶላ የሚወጡበት የሰልፈር ተራራ ጣቢያ 2,281 ሜትር ነው። ማለትም ቱሪስቱ «የዓለም ጣሪያ ላይ ደረስኩ» ብሎ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ከአራት ኪሎ በታች ነው!

የከፍታ ሕመም የሚባለው (ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት) በአብዛኛው የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ሲታደር ነው። ዋናው ነገር በቀን የወጡበት ሳይሆን ያደሩበት ከፍታ ነው። እዚህ ካሉት የተራራ ከተሞቻችን አንዱም እዚያ አይደርስም። ከጎንደር የመጡ እናት ባንፍ ሲገቡ እንዲያውም ወርደዋል። የልብ ድካም ወይም የከባድ ሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጎንዶላው ላይ አይውጣ፤ ያ የተለየ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከፍታውን ከዝርዝሩ አወጣሁት። በእሱ ፋንታ ምን ገባ? አትሳቁና፣ መጸዳጃ ቤት።

ይህን ያስተማረኝ የክሊኒክ ልምምዴ ነው። ብዙ አረጋውያን እናቶች፣ በተለይ የእኛዎቹ፣ መንገድ ሲወጡ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። ሽንት ቤት ጠይቀው ሰው ላለማስቸገር ውሃ አይጠጡም፤ ለደም ግፊት የታዘዘላቸው የሚያሸና መድኃኒት ካለም ያን ዕለት ይዘሉታል። ማንም አያውቅባቸውም፤ አይናገሩም። እዚህ ያለው አየር ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም ኃይለኛ ነው። ሰውነት ውሃ ያጣል፣ ከመኪና ብድግ ሲሉ ያዞራል፣ ከዚያ መውደቅ ይመጣል። በሰባ ስድስት ዓመት መውደቅ ማለት ብዙ ጊዜ የዳሌ አጥንት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ከተማ ለእኔ «ቆንጆ» የሚሆነው ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ መቀመጫ ያለው ጥላና ደረጃ የሌለው መንገድ ተቀራርበው ሲገኙ ነው። ሐይቁና ተራራው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አያቴን ደግሞ «እማማ፣ ሽንት ቤት ሲያስፈልግዎ ይንገሩኝ» አልላቸውም፤ አይነግሩኝም። «እኔ ልሄድ ነው፣ አብረን እንሂድ» እላቸዋለሁ፤ በየሰዓቱ።

ቀጥሎ የራሳቸው የአያቴ አስተያየት አለ። በስልክ ስለ ሮኪ ተራሮች በጉጉት ሳወራላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «የእኔ ልጅ፣ ተራራ ለማየት ነው ካናዳ ድረስ የምታመጡኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከካናዳ ሮኪዎች ሁሉ የሚበልጠው የሮብሰን ተራራ 3,954 ሜትር ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 የዓለም ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ ባንፍና ጃስፐር ገና ስድስት ዓመት ይቀራቸው ነበር። ለጎንደር ሰው ገደልና ጫፍ ብርቅ አይደለም። ታዲያ ብርቅ የሚሆነው ምንድን ነው? ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ ግግር በረዶ፣ እንደ ቀለም የሚያበራ ሐይቅ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰዎች እዚያ እንዴት እንደሚኖሩ። ዘመዶቻችሁ ከቆላ ወይም ከከተማ ከሆኑ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ግን ጠይቋቸው። እኛ እዚህ ያደግነው ልጆች እንግዳ ስንወስድ ብዙ ጊዜ የምናሳየው እኛ የምንወደውን ነው።

አሁን ወደ ከተሞቹ ልግባ።

ባንፍ ከካልጋሪ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለአያቴ ልነግራቸው ያሰብኩት ታሪክ የተራራው ሳይሆን የፍል ውሃው ነው። በ1883 ሦስት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ከተራራው ሥር ካለ ዋሻ ፍል ውሃ አገኙ ይባላል፤ የናኮዳና ሌሎች የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ግን ከእነሱ ብዙ ዘመን በፊት ያውቁት ነበር። የይገባኛል ጭቅጭቅ ስለተነሳ መንግሥት በ1885 ቦታውን ከልሎ ያዘው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የካናዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1886 ደግሞ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩና አዲስ አበባ ተመሠረተች። ሁለት ከተሞች፣ ሁለቱም በፍል ውሃ ምክንያት፣ በአንድ ዓመት ልዩነት! ይህን ያገናኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ለአዲስ አበባ ሰው ባንፍን ለማስረዳት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ፍል ውሃው ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ሁለት ነገር አለ። የታሪኩ ዋሻ (ኬቭ ኤንድ ቤሲን ይባላል) ዛሬ ሙዚየም ነው። መንገዱ ለምርኩዝና ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል፤ ድኙ ይሸታል፤ ውሃውን መንካት ግን ክልክል ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ትንሽ ቀንድ አውጣ እዚያ ስለሚኖር ነው። እናቶቻችን ፍል ውሃ ሲያዩ እጃቸውን ነክረው ፊታቸውን ሊዳስሱ እንደሚፈልጉ ስለማውቅ ይህን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ እዚያ ደርሶ በጥበቃ ፊት «አይንኩ» መባል ያሳፍራል። መታጠብ የሚፈልጉ ከሆነ ላይኛው ፍል ውሃ አለ። የዚያ ውሃ ሙቀት ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ሙቅ ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ግፊቱን ያወርዳል፤ የግፊት መድኃኒት የወሰደ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ሊወድቅ ይችላል። ከ10 ደቂቃ አይለፉ፣ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይውጡ፣ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይያዝ። የስኳር ሕመም እግራቸውን ያደነዘዘው ሰዎች የውሃውን ሙቀት በእግራቸው ሳይሆን በክርናቸው ይለኩ።

ከተማዋ ራሷ ለመራመድ ጥሩ ናት። ዋናው ጎዳና ሜዳ ነው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ የሕዝብ መጸዳጃ አለ፣ ሆስፒታልም አለ። ሮም የሚባለው የከተማ አውቶቡስ እስከ ጎንዶላውና እስከ ፍል ውሃው ይወስዳል፤ ስለዚህ መኪናውን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ሰፊ ፓርኪንግ ትቶ በአውቶቡስ መዞር ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ግን ሕዝቡ አይጣል ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ።

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ባንፍን የፈጠራት ባቡር ነው። ዛሬ ግን ከካልጋሪ ተነስቶ የሚወስድ መደበኛ የመንገደኞች ባቡር የለም፤ በ1990 ተቋረጠ። ያለው የሀብታም ቱሪስቶች ባቡር ነው። ባለፈው ከተመራቂዎቻችን አንዱ የስዊዘርላንድ ከተሞችን ፎቶ ልኮልን የትኛው እንደሚሻል ስንከራከር ያየሁት ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። እዚያ መኪና የሌለው ተማሪም በባቡር ከከተማ ከተማ ይሄዳል፤ ዘርማት ውስጥ እንዲያውም ተራ መኪና አይገባም። (ዩንግፍራውዮሕ የሚባለው የባቡር ጣቢያ ግን 3,454 ሜትር ነው፤ እዚያ ስለ ከፍታ የነገርኳችሁ ማጽናኛ አይሠራም።) እዚህ መኪና ለሌላችሁ በሰመር ኦን-ኢት የሚባለው አውቶቡስ ከካልጋሪ ወደ ካንሞርና ባንፍ ይሄዳል። መቀመጫ ቀድሞ ይያዛል።

በነገራችን ላይ ስዊዘርላንድ እዚህም ድረስ መጥታለች። በ1896 አንድ ተራራ ወጪ ሌክ ሉዊዝ አጠገብ ከሚገኘው የለፍሮይ ተራራ ወድቆ ሞተ። ካናዲያን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ እንግዶቹ እንዳይፈሩበት በ1899 ከስዊዘርላንድ ተራራ መሪዎችን አስመጣ። በኋላም ለቤተሰቦቻቸው ጎልደን ከተማ ውስጥ የስዊስ መልክ ያላቸው ቤቶች ሠራላቸው። ሰዎቹ ለወቅት ሥራ መጥተው ቤታቸውን እዚሁ ያደረጉ ስደተኞች ነበሩ ማለት ነው። ጎልደንን ለዘንድሮ ትቻታለሁ፤ የካናዮኑ መንገድ ለጉልበትም ለማቅለሽለሽም አይመችም።

ካንሞር እስካሁን ያላደነቅናት ከተማ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን ቤንዚን ቀድተን የምናልፋት ናት። ካልጋሪ ቅርብ ናት፣ አንድ ሰዓት ከትንሽ። ከብሔራዊ ፓርኩ ውጭ ስለሆነች ከተማዋን ለማየት የፓርክ መግቢያ አይከፈልም። የውስጥ አውቶቡሷ ነጻ ነው። የቦው ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው መንገድና በጅረቱ ላይ የተሠራው የእንጨት መሄጃ ሜዳ ናቸው፤ ሦስቱ እህትማማቾች የሚባሉት ጫፎች ሳይወጡ ከታች ሆነው ይታያሉ። ለአያቴ ጉልበት ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

ታሪኳም የሥራ ሰው ታሪክ ነው። ካንሞር ወደ መቶ ዓመት ገደማ የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች። ማዕድኑ በ1979 ተዘጋ፤ ከተማዋም ትሞታለች ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ያዳናት በ1988 የተደረገው የካልጋሪ የክረምት ኦሎምፒክ ነው፤ የረጅም ርቀት የስኪ ውድድሮቹ እዚያ ተካሄዱ። ኢትዮጵያ እስከዚያ ድረስ በክረምት ኦሎምፒክ ተወዳድራ አታውቅም። በ2006 ቱሪን ላይ፣ ቀጥሎም በ2010 ቫንኩቨር ላይ በስኪ የወከለን ሮቤል ተክለማርያም ነው። እኔ በበኩሌ ስኪ ላይ ሁለት ደቂቃ መቆም አልችልም። ለታናናሾቻችን ግን ይህን ስም ማወቅ ጥሩ ነው። የስኪ ማዕከሉን ልታሳዩ ከፈለጋችሁ እዚያ የሚጠየቀው የካናናስኪስ ፓስ ነው፤ በመኪና በቀን 15 ዶላር።

ከከተማዋ በላይ ሃ ሊንግ የሚባል ጫፍ አለ። ሃ ሊንግ ቻይናዊ ምግብ አብሳይ ነበር። በ1896 «ይህን ተራራ በአሥር ሰዓት ውስጥ ወጥተህ አትመለስም» ብለው በ50 ዶላር ተወራረዱት። ወጥቶ ባንዲራ ተክሎ ለምሳ ተመለሰ። ማንም አላመነውም። ምስክሮች ይዞ እንደገና ወጣ፣ ትልቅ ባንዲራም ተከለ። ጫፉ ግን ለመቶ ዓመት ያህል የተጠራው በስሙ ሳይሆን ዘሩን በሚያንቋሽሽ ቃል ነበር፤ በስሙ የተሰየመው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ይህን ለአባቴ ስነግረው ብዙ አልተናገረም። «ሁለቴ ማስወጣታቸው» አለ ብቻ።

ሌክ ሉዊዝ ከተማ አይደለችም፤ አንድ ትንሽ የገበያ ማዕከልና ሆቴሎች ያሉባት መንደር ናት። ሆስፒታል የላትም፤ የቅርቡ ባንፍ ነው። ሐይቁ ግን እንዳልኳችሁ ለጎንደር ሰውም ብርቅ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከግግር በረዶው ነው። በረዶው በራሱ ክብደት ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይፈጨዋል፣ ያ ከዱቄት የላመ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ብርሃንን ይበትናል። በጁላይና በኦገስት በጣም የሚያምረው በረዶው የሚቀልጥበት ጊዜ ስለሆነ ነው። የሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው፤ ሰው በፈለገበት ይመለሳል። ችግሩ መኪና ማቆሚያ ነው። ሞሬን ሐይቅ (በድሮው ሃያ ዶላር ጀርባ ላይ የነበረው ነው) ከ2023 ጀምሮ በግል መኪና አይገባበትም። ለሁለቱም የፓርኩን ሻትል አስቀድማችሁ ያዙ። አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ተነሱ የሚል ሰው ካለ አረጋውያንን ይዞ ሄዶ አያውቅም።

በሴፕቴምበር የሚመጣ እንግዳ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሞሬን ሐይቅ አካባቢ ላርች የሚባል ዛፍ አለ። ጥድ ይመስላል፣ ግን ቅጠሉን ያረግፋል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ተራራው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። አደይ አበባ የናፈቀው ሰው ያንን ቢያይ ምን እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ አደይን በፎቶ ነው የማውቃት።

ጃስፐርን በተመለከተ፣ መንገዱን ልባችሁ ቢፈልገውም ለሁለት ቀን እንግዳ አልመክርም። ከካልጋሪ 400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከሌክ ሉዊዝ በኋላ ባለው 230 ኪሎ ሜትር ገደማ አብዛኛው ቦታ ስልክ አይሠራም፣ መጸዳጃዎቹም የተራራቁ ጉድጓዶች ናቸው። በጁላይ 2024 ሰደድ እሳት ከተማዋ ገብቶ 358 ሕንፃዎችን አወደመ፤ ከከተማዋ ሕንፃዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ ማለት ነው። ሦስትና አራት ቀን ያላችሁ፣ ወጣት እንግዳ የያዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ አድራችሁ ገንዘባችሁን እዚያ አውጡ፣ ያስፈልጋቸዋል። የተቃጠለ ቤት ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደመሳቅ ነው።

ዋተርተን ደስ የምትል ጸጥ ያለች መንደር ናት፣ ወደ 270 ኪሎ ሜትር፤ ነፋሷ ግን የሰው ነጠላ ይዞ ይሄዳል።

የጃስፐርን መንገድ ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ከሌክ ሉዊዝ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቦው ሐይቅ አለ፤ ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ከመኪና ወርዶ ብዙ መሄድ የለም። ከበላዩ የሚታየው ግግር በረዶ የቦው ወንዝ መነሻ ነው። ካልጋሪ መሃል የሚያልፈው፣ ከኤልቦው ጋር የምንጠጣው ወንዝ ማለት ነው። አያቴ ተራራ አያስደንቃቸውም፤ የወንዝ ምንጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ግሽ ዓባይን በልጅነታቸው ተሳልመዋል። ይህን ሐይቅ በስልክ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ከዚያ ነው እናንተ ቤት የሚደርሰው?» ምርጫዬ እዚያው ተወሰነ።

ከጉዞው በፊት መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ። በጎብኝ ቪዛ የመጣ ሰው በአልበርታ የጤና መድን አይሸፈንም። ለሱፐር ቪዛ ቢያንስ የ100,000 ዶላር የሕክምና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ለተራው የጎብኝ ቪዛ ግን ግዴታ ስላልሆነ ብዙ ቤተሰብ ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ስትገዙም «ቀድሞ የነበረ ሕመም» የሚለውን አንቀጽ አንብቡ፤ በቅርብ ወራት የግፊት መድኃኒት መጠን ከተቀየረ ላይከፍሉ ይችላሉ። አስቸኳይ ላልሆነ ጥያቄ 811 ደውላችሁ ነርስ ማነጋገርና አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ከአዲስ አበባ በቶሮንቶ አድርጎ ካልጋሪ የመጣ ሰው ከአንድ ቀን ያላነሰ ተቀምጧል። በማግሥቱ ደግሞ መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት አታስቀምጡት። የአንድ እግር ባት ብቻውን ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ጉዞው ይቅርና ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካመመ 911 ነው። አያቴን ቢያንስ አንድ ሳምንት አሳርፋቸዋለሁ፤ በመንገድ ላይም በየሰዓቱ እንቆማለን። (መጸዳጃውም እዚያ ውስጥ ይካተታል።)

ጭሱንም አትርሱ። በኦገስት የሰደድ እሳት ጭስ ሊኖር ይችላል። የአየር ጥራት ቁጥሩ ከ1 እስከ 3 ከሆነ ችግር የለም፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አስም፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ቤት ይዋል። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ለካልጋሪ ሳይሆን ለምትሄዱበት ቦታ እዩት።

ምግቡ ከቤት ነው። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22 ስለሆነ ሁለተኛው ጉዞ ጾም ላይ ይውላል፤ ባንፍ ምግብ ቤት ገብቶ ዘይቱንና ቅቤውን መጠየቅ አያቴን ያሳቅቃቸዋል። ሽሮ በፔርሙስ፣ እንጀራ በሰፌድ ሳይሆን በክዳን ዕቃ። ለምን በክዳን ዕቃ? ድብ። በፓርኩ ውስጥ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ያስቀጣል፤ የወጥ ሽታ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። ቡና ለማፍላት የምታስቡ ካላችሁ እሳት የተከለከለበት ቀን መሆን አለመሆኑን እዩ፤ ሲከለከል የከሰል ምድጃም አብሮ ይከለከላል። ጀበናው በጋዝ ምድጃ ይፈላል። አያቴ ስለዚህ ምን እንደሚሉ ገና አልሰማሁም።

እንግዲህ የእኛ ዕቅድ ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ ረቡዕ ካንሞር፤ ወንዙ ዳር፣ ምሳ፣ ከሰዓት መልስ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ረቡዕ፤ ጠዋት ቦው ሐይቅ፣ ሲመለሱ ባንፍ፣ ጉልበታቸው ከፈቀደ ፍል ውሃው። ሌክ ሉዊዝን ሻትል ካገኘን እንጨምራለን፣ ካላገኘን አናዝንም። ጎንዶላውን ሰርዘነዋል፤ ገንዘቡ ለኢንሹራንሱ ሄዷል።

በሁለቱም ቀን ጠዋት ግፊታቸውን እለካለሁ። የላይኛው ቁጥር 180 ከደረሰ ጉዞው ይቀራል፤ ዕረፍት አድርገው እንደገና እንለካለን፣ ካልወረደ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ከወረደና ደኅና ከሆኑ ደግሞ ተራራው ለሌላ ቀን ይቆይና፣ 17ኛው ጎዳና ደቡብ ምሥራቅ ካሉት የእኛ ቤቶች አንዱ ገብተን በከሰል የፈላ ቡና ይጠጣሉ።